የቀይዋ መኪና ግራ ጎማ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4

በጎማ መፍቻ መታሁት። ራመዳንን። ቀኝ ክንዱን፣ ከአንጓው ትንሽ ከፍ ብሎ። አጥንቱ ሲሰበር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህን የምጽፈው ተጸጽቼ አይደለም። ነገ ሰው ሌላ ነገር ሲያወራ እውነቱ በእኔ እጅ ጽሑፍ ተቀምጦ እንዲገኝ ነው።

ልጄ ሰናይት ዛሬ ጠዋት ከሐረር ስትመለስ ደንገጎ ተራራ ላይ ልትሞት ነበር። ቁልቁለቱ ላይ፣ ወደ ቀኝ በሚጠመዘዘው ትልቁ ኩርባ። መሪውን ወደ ቀኝ ይዛለች፤ መኪናዋ ግን ወደ ግራ ሄደች። ጫቱን አራግፎ ሽቅብ የሚበር ፒክአፕ ከፊቷ መጣ። ሹፌሩ ቦይ ውስጥ ገባላት እንጂ ዛሬ ድንኳን እየተከልኩ ነበር። እሷ መንገዱ ጠርዝ ላይ ካለው ድንጋይ ጋር ተላትማ ቆመች። ከድንጋዩ ወዲያ ገደል ነው። የግራው በር ተጨፍልቋል። ግንባሯ ላይ አምስት ስፌት።

ስትደውልልኝ አላለቀሰችም። "አባዬ፣ መኪናዋ አልሰማችኝም" ነው ያለችው።

ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ ስፖርት መኪና ናት። ሰናይት ትራንዚተር ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ ስታስለቅቅ ኖራ አንድ ቀን ለራሷ ይህችን አስለቀቀች። ኩርባ ላይ ትዋልላለች ብላ አመጣችልኝ። የሠራሁት ይኸው ነው፦

የፊትና የኋላ ሞላ፣ በአጭርና በጠንካራ ቀየርኩ።
ንዝረት የሚያበርደውን ሾክ፣ አራቱንም።
ያረጀ የላስቲክ ጎሚኒ ሁሉ ወጣ፣ አዲስ ገባ።
የመሪ ቴስቲና፣ ሁለቱም።
የጎማውን አቅጣጫ በሲባጎ፣ የጎማውን ቀጥ ብሎ መቆም ክብደት በተንጠለጠለበት ክር፣ በቱምቢ፣ አስተካከልኩ።

ጨርሼ ካስረከብኳት አሥር ቀኗ ነው። ከዚያ ወዲህ የነካት አንድ ሰው ብቻ ነው። ራመዳን። አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ ሠርቶ፣ ጥሎኝ ሄዶ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ጎማ በኮምፒውተር የሚያስተካክል የአላይመንት ቤት የከፈተው። አራት አዲስ ሰፋፊ ጎማዎች ገጠመላት። እንግዲህ ማን ነው?

"ምን አደረግክባት?" አልኩት።

"ጎማ ብቻ ጋሼ። ወላሂ ጎማ ብቻ። ሰናይትን ጠይቃት፣ እኔ እኮ..."

አላስጨረስኩትም።

ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ለመያዝ ሦስት ሰው አስፈለገ።

ረቡዕ

መኪናዋን ጎትተው ግቢዬ አስገቡልኝ። ገና ሰንሰለቱ ሳይፈታ የራመዳን ወንድም አብዲ ደረሰ። በር አላንኳኳም። በርሜሌን ገለበጠው፣ የዕቃ ሳጥኔን በእግሩ አፈሰሰው፣ ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

"ዋሪያ! የወንድሜን እጅ ሰብረህ እዚህ ቆመህ ቡሎን ትቆጥራለህ?"

"ወንድምህ ልጄን ሊገድል ነበር።"

በጥፊ አለኝ። የታችኛው ጥርሴ ሄደ፤ ድሮም ይነቃነቅ ነበር። ብረት አንስቼ ትከሻው ላይ አሳረፍኩበት። ተያያዝን። ጎረቤቶች ገብተው ገላገሉን። አብዲ እየጎተቱት ሲወጣ "ሽማግሌ ነህ ብዬ ነው በመዳፍ ያልኩህ፣ ቡጢዬን ለኋላ አስቀምጬልሃለሁ!" ይላል። "አምጣው፣ ቤቱን ታውቀዋለህ!" አልኩት። ደም በአፌ ስለሞላ ግማሹ አልተሰማም።

ከሰዓት ታክሲ ተራ ሄድኩ። ከንፈሬን አይተው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። "ራመዳን ጎማ የሚያስረውን ዳዶ አላልቶ ለቀቃት" አልኩ። አይቼ አይደለም። ሌላ ሊሆን ስለማይችል ነው። አንዱ ባለ ሚኒባስ "እኔ ነገ እሱ ጋ ቀጠሮ ነበረኝ፤ አቦ ይቅርብኝ" አለ። ሌላው "ልጆች ጭኜ ነው የምሄደው፣ እዚያ ቤት ሁለተኛ አልረግጥም" አለ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቱን መደበቅ አልፈልግም።

ሐሙስ

የላላውን ዳዶ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ መኪናዋ ሥር ዋልኩ። ግንቦት ነው፣ ቆርቆሮው ሥር ብረቱ ጣት ያቃጥላል።

የላላ የለም። አንድም። ሃያውንም ፈተሽኳቸው፤ እኩል ጠብቀዋል፣ በመስቀል ተራ፣ እንዳሳየሁት። የተነካ ቡሎን የለም። እኔ ምልክት ያደረግኩባቸው የነጭ ቀለም መስመሮች ሁሉ እንዳሉ ናቸው።

ከዚያ ጎማዎቹን አየሁ። የአሥር ቀን ጎማ ናቸው። የፊት ግራው የውጭ ትከሻው ተልጧል። የፊት ቀኙ የውስጥ ትከሻው ተልጧል። ሌላው አካላቸው ገና የአዲስ ጎማ ፀጉር አለው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለቱም ጎማዎች ራሳቸውን ወደ ግራ ጥለው ነው የሮጡት። መኪናዋ ግራ ግራ ስትል ከርማለች። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ክብደቷ ሁሉ የሚያርፈው በግራው ጎማ ላይ ነው። እሱ ደግሞ መሬቱን በሙሉ መዳፉ ሳይሆን በጠርዙ ነው የያዘው። ለዚህ ነው ያልሰማቻት።

ግጭቱ ግራውን አጣሞት ይሆናል አልኩ። ቀኙን ምን አጣመመው? ደግሞስ ላስቲክ በአንድ ግጭት እንዲህ አይላጥም፤ የብዙ ቀን ሩጫ ነው።

ቱምቢዬን አወረድኩ። ቀኙ ቀጥ ያለ ነው፤ በክሩና በጎማው ብረት፣ በቸርኬው፣ መካከል ከላይም ከታችም እኩል። ግራው ከግጭቱ የተነሳ ትንሽ ገባ ብሏል፣ ያ ይገባኛል። ቀኙ ግን እኔ እንደተውኩት ነው። እንደተውኩት ሆኖ እንዴት ተላጠ?

ቱምቢ አይዋሽም። አርባ ስድስት ዓመት ዋሽቶኝ አያውቅም።

መዶሻዬን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። መስኮት ነበር።

ዓርብ

ሰናይት መጣች። ግንባሯ ታሽጓል፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። አልተቀመጠችም።

"ራመዳን ጋ ሆስፒታል ነበርኩ" አለች። "ሁለቱም አጥንት ነው የተሰበረው። ጀሶ አስረውለታል። ሱቁ ዝግ ነው። ታክሲ ተራ ዳዶ አላልቶ ገደላት እየተባለ ነው። ማን ነው ያወራው?"

"እኔ ነኝ።"

ቦርሳዋን ከፈተች። የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የራመዳን ማሽን ያተመው ነው፤ ጎማ የገጠመ ቀን መኪናዋን ማሽኑ ላይ አውጥቶ አይቷት ኖሯል። ግራ ጎማ፦ ከላይ አንድ ዲግሪ ወደ ውጭ። ቀኝ ጎማ፦ ከላይ አንድ ዲግሪ ወደ ውስጥ። ሁለቱም በቀይ።

"ምን አለሽ?" አልኳት።

"ጋሼ አልተሳሳተም፣ ሁለቱ እኩል ናቸው፣ የሳተው መኪናዋ የቆመችበት ወለል ነው አለኝ። ላስተካክላት፣ ግማሽ ሰዓት ነው አለኝ። እንዲህ ሆና ደንገጎን እንዳትወርጂ አለኝ። ለመነኝ አባዬ።"

"ታዲያ?"

"እንዳይነካት ከለከልኩት። ወረቀቱንም ደበቅኩት። አንተ የሠራኸውን ሌላ ሰው ሲያርመው ምን እንደምታደርግ አውቃለኋ! ሰው ትመታለህ ብዬ ነው። ይኸው መታህ።"

"ወለሌ ምንም አልሆነም" አልኩ።

"አባዬ..."

"ዝም በይ!"

እጄ ተነሳች። ልጄ ላይ። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አምስት ስፌት ግንባሯ ላይ አለ፤ እጄ ተነሳች። ወደኋላ አላለችም። ዓይኗንም አልጨፈነችም።

"ምታኝ" አለች። "ከዚያ ወለልህን ለካ።"

ወረቀቱን ሞተሩ ላይ አስቀምጣ ሄደች። እጄን ያወረድኩት በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ቅዳሜ

ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ ላስቲክ ቱቦ ገዛሁ፤ ውሃ ሞላሁበት። አንዱን ጫፍ ግራው ጎማ የቆመበት ላይ፣ ሌላውን ቀኙ የቆመበት ላይ ያዝኩ። ውሃ ከየትኛውም ማሽን በፊት የነበረ ነው፤ ከእሱ ጋር ክርክር የለኝም።

ሦስት ሳንቲም። የቀኙ ወገን ሦስት ሳንቲም ይወርዳል።

ደግሜ ለካሁ። ሦስት ሳንቲም። ቱቦውን አዙሬ ለካሁ። ሦስት ሳንቲም።

የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ግቢዬ ከገባ በኋላ ይህን ወለል ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ማንንም አላስነካሁም። ሁለተኛ ጊዜ ውሃ ቢመጣ ወደ በሩ እንዲወጣ ብዬ በዓይኔ ገምቼ አዘነበልኩት። ከዚያ በላዩ ላይ ስቆም ኖርኩ፣ ቀጥ ያለ መሰለኝ።

ለታክሲዎቹ ችግር አልነበረም። ለእነሱ በሲባጎ የማስተካክለው አቅጣጫ ብቻ ነበር፤ ለዚያ ወለሉ ቢያዘነብልም ግድ የለውም። ይህን ወለል ካፈሰስኩ ወዲህ ጎማው ቀጥ ብሎ መቆሙን በቱምቢ አስተካክዬ የሰጠኋት የመጀመሪያዋ መኪና ቀይዋ ናት። ቱምቢው በእርግጥ አልዋሸም፤ ጎማዎቹ ከሰማይ አንጻር ቀጥ አሉ። መኪናዋ ግን በእኔ ወለል ላይ አዘንብላ ነበር። ደልዳላ መንገድ ላይ ስትወጣ ሁለቱም ጎማዎች ወደ ግራ ዘመሙ። በእጄ ነው ገደሉን ያሳየኋት።

ትልቁን መዶሻ አመጣሁ። ወለሉን መታሁት። አሥር፣ ሃያ፣ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ሲሚንቶው ይፈናጠራል፣ ጉንጬን ቆረጠኝ፣ መዳፌ ተገሽልጦ እጀታው በደም ይንሸራተታል። አልቆምኩም። መታሁት፣ ሰደብኩት፣ መታሁት። ከበሩ ወገን አንድ ሦስተኛውን ፈረካከስኩት።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ሙሉውን ብሰብረው ማንም ቱቦ ይዞ መጥቶ ሊለካው አይችልም። ወረቀቱ የራመዳን ማሽን ወረቀት ነው፣ ለራሱ ያተመው ነው ይባላል። ሰናይት አባቷን አትመሰክርበትም። ነገሩ እዚያው ይቀራል። የላላ ዳዶ ሆኖ።

መዶሻውን አንዴ አነሳሁት። አስቀመጥኩት። ደግሞ አነሳሁት። መጨረሻ ላይ መኪናዋ የቆመችበትን ወለል ሳልነካ ተቀመጥኩ። ጨዋነት ይዞኝ ነው አልልም። ክንዴ ዝሎም ሊሆን ይችላል።

ከሰዓት የራመዳን አጎት ሐጂ ዩሱፍ ስልክ ደወሉ። "ነገ ዘጠኝ ሰዓት እኔ ቤት። ሽምግልና ነው። አይዞህ፣ ልጅህ ነች፣ የአባት ንዴት ይገባናል። ሥራ ያበላሸው እሱ ነውና መጀመሪያ ራመዳን ይቅርታ ይጠይቅሃል፤ ቀጥለህ አንተ ስለ እጁ ትጠይቀዋለህ። አለቀ" አሉኝ።

ለእኔ አድልተው ነው የጨረሱት። እሺ አልኩ፣ ስልኩን ዘጋሁ።

እሁድ

የሐጂ ዩሱፍ ቤት። ምንጣፍ፣ ጫት፣ ቀዝቃዛ ውሃ። እኔ አልቅምም፤ ውሃውን ጠጣሁ። ራመዳን ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ጀሶው እስከ ክርኑ ነው። ፊቱ ከስቷል። አብዲ አጠገቡ ነው፤ ከገባሁ ጀምሮ ዓይኑን ከእኔ አላነሳም።

ሐጂ መረቁ። ከዚያ "ራመዳን፣ ጀምር" አሉ።

ራመዳን መሬት መሬት ያያል። "ምን ብዬ?" አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። "ያላላሁትን ምን ብዬ?"

"ወላሂ አንተም ግትር ነህ!" አሉ ሐጂ። "ያሳደገህን ሽማግሌ አክብረህ አንድ ቃል..."

"ሐጂ፣ ይተዉት" አልኩ። "ዳዶ አልላላም። ሃያውንም አይቻለሁ። ልጄን ሊገድል የነበረው የእኔ ወለል ነው። ሦስት ሳንቲም ያዘነብላል። እሱ አይቶ ነግሯታል፤ እኔን ፈርታ ደበቀችኝ። ዳዶ አላላ ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ። ውሸት ነው።"

ይህን ስናገር አፌ ውስጥ ያለው ቁስል ተከፈተ። ደም ዋጥኩ።

አብዲ ተነሳ። የውሃውን ጆግ እንደያዘ ነው የተነሳው። ሐጂ በከዘራቸው ጉልበቱን መቱት። "ቁጭ በል! እኔ ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር የሚማታ የለም!" ተቀመጠ። ጉልበቱን እያሸ "አንድ ጊዜ ብቻ ሐጂ፣ አንድ ጊዜ" ይላል።

ራመዳን ቀና ብሎ አየኝ።

"ጋሼ፣ አብሬህ ስሠራ ስለዚህ ወለል ስንት ጊዜ ነግሬህ ነበር?"

አስታወስኩ። "አንድ ጊዜ።"

"ለምን ሁለተኛ አልነገርኩህም?"

"የክሪክ እጀታ ወረወርኩብህ።"

"የት አገኘኝ?"

"ጀርባህን።"

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ሐጂም ሳቁ። ራመዳን አልሳቀም። እኔም።

"ገንዘብ አልፈልግም" አለ። "ፖሊስም አልሄድም። ሁለት ነገር ነው። ይህንን ለሐጂ ሳይሆን ዳዶ አላላ ላልካቸው ለታክሲ ተራ ሰዎች ትነግራለህ፣ በራስህ አፍ። ሁለተኛ፣ እጄ እስኪድን የእኔን ሱቅ የምትሠራው አንተ ነህ። እኔ እያዘዝኩ። አፍህን ዘግተህ።"

"አፌን ዘግቼ?" አልኩ።

"ዘግተህ ጋሼ። አንድ ቃል ከተናገርክ ትወጣለህ።"

ሐጂ "ይህ ከእስር ይብሳል" አሉ። እሺ አልኩ።

ሰኞ

ታክሲ ተራ። ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ባሉበት። የቆምኩት የባጃጆቹና የሚኒባሶቹ መሃል ነው። ተናገርኩ። ጮክ ብዬ፣ አንዴ፣ ሳልቆራርጥ። ራመዳን ንጹሕ ነው፣ ወለሌ ጠማማ ነው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ማሾፍ ጀመሩ።

"አባ ቱምቢ! የእኔንም ባጃጅ አዝምመሃታል መሰለኝ፣ ሁልጊዜ ወደ ጫት ተራ ትስበኛለች!"

"አቦ እሱን ተወው፣ ሚስትህን ያዘመመው ማነው?"

"ኧረ አታስቁት፣ ጎማ መፍቻ ይዞ ይሆናል! ኪሱን ፈትሹት!"

እጆቼን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ። መዳፌ ቆስሏል፣ ጨብጬው ነበርና እንደገና ደማ። ኪሴ ረጠበ። የመጨረሻው እስኪስቅ ድረስ አልሄድኩም። ያ ባለ ሚኒባስ፣ ቀጠሮውን የተወው፣ "እና ራመዳን መቼ ነው የሚከፍተው?" አለኝ። "ነገ" አልኩት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

የራመዳን ሱቅ። ቀይዋን ማሽኑ ላይ አወጣናት። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ጀሶውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በግራ እጁ ይጠቁማል።

የግራ ጎማዋን የተጣመመ ክንድ አወጣሁ። አዲሱን አስገባሁ። ሁለቱን የተላጡ ጎማዎች ጣልን። ከዚያ ማስተካከያው።

"ላላ አድርገው። ገፋ። ወደ ውስጥ። በጣም! መልስ። መልስ አልኩ እኮ ጋሼ፣ ትንሽ ማለት ትንሽ ነው!"

በሕይወቴ ማንም እንዲህ ተናግሮኝ አያውቅም። መፍቻው እጄ ላይ ነበር። ራመዳንም መፍቻውን ያየዋል፣ እኔም ሲያየው አየሁት። እግሩን ከወንበሩ ሥር ሰብስቦ ሊነሳ ተዘጋጅቶ ነበር። ከእኔ ሊሸሽ።

መፍቻውን መሬት ላይ አስቀምጬ "ደግመህ ንገረኝ" አልኩ። እንዳልናገር ነበር ውላችን። አላስወጣኝም። ደግሞ ነገረኝ።

ማሽኑ ላይ ቀዩ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከላይ ወደ ውስጥ ትንሽ ገባ እንዲሉ አደረገ፣ እኩል። ቀጥ ከማለት ይልቅ ለምን እንደሚሻል አስረዳኝ፤ ስትታጠፍ የውጭው ጎማ በሙሉ መዳፉ እንዲቆም ነው። ይህን አላውቅም ነበር። አርባ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬ።

ረቡዕ

ደንገጎ ወጣን። ሰናይት ትነዳለች፣ እኔ አጠገቧ፣ ራመዳን ከኋላ ያችን የሕፃን መቀመጫ የመሰለች ቦታ ላይ ታጥፎ። በሩ ገና በሽቦ ታስሯል፣ ይንኳኳል።

"ሰናይት፣ ቀስ..." ልል ጀመርኩ።

"አባዬ ዝም በል።"

"ውል አለው እኮ" አለ ራመዳን ከኋላ።

ላይ ደርሰን ዞርን። ቁልቁለቱን ስንጀምር የሰናይት አንገት ላይ ላብ አየሁ። ኩርባው መጣ። የተላተመችው ድንጋይ እዚያው አለ፣ ቀይ ቀለም ይዞ። ፍሬን ያዝ አደረገች፣ ለቀቀች፣ መሪውን ወደ ቀኝ አዞረች። መኪናዋ ሄደች። የተባለችበት ሄደች። መስመሯን አልለቀቀችም። አንድ ከባድ መኪና ሽቅብ እያቃሰተ በአጠገባችን አለፈ፤ በመካከላችን ሰው የሚያቆም ቦታ ነበር።

ሰናይት ታች ስትደርስ ዳር ይዛ አቆመች። ግንባሯን መሪው ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። አልነካኋትም። እጄ ያን ቀን የት እንደነበረች ሁለታችንም እናውቃለን። በመጨረሻ ራሷ እጄን ከጉልበቴ ላይ አንስታ ያዘቻት፣ በፋሻው ላይ፣ እስኪያመኝ ድረስ።

ወደ ኋላ ዞሬ ራመዳንን "ጣቶችህን አሳየኝ" አልኩት።

ከጀሶው የወጡትን አምስቱን አንቀሳቀሰ። ሦስቱ ታጠፉ። የቀለበቱና ትንሿ አልታጠፉም። እንደገና ሞከረ፤ ትንሿ የተንቀሳቀሰች መሰለኝ፣ ወይም የመኪናው ንዝረት ነው፤ ሞተሩ አልጠፋም ነበር።

"ሐኪሙ ምን ይላል?"

"ጊዜ ስጠው ይላል" አለ። "አትየኝ እንደሱ ጋሼ። ስድስት መኪና ተራ ይዟል፣ እንሂድ።"

ሄድን።